ዚንክ ሻጩ ዚንክ ሊገዛ ሐዋሳ ወረደ

ከደብረ ብርሃን ሐዋሳ ደርሶ መልስ አራት ቀን ፈጅቶብኛል። ገንዘቡ መድኃኒቱን ጨምሮ አሥራ ዘጠኝ ሺህ ሦስት መቶ ብር ነው። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሺህ አምስት መቶው የሕፃን ፓውደር የተገዛበት ነው፤ እሱን በቦታው እነግራችኋለሁ። ሦስት ኪሎ ቅቤና አንድ ነጭ ሸሚዝ ከሒሳቡ ውጪ ናቸው። ይህን ከፊት ያስቀደምኩት፣ ሐዋሳ ሄጄ መጣሁ ባልኩ ቁጥር ሰው ሁሉ «ሐይቁ እንዴት ነው?» እያለ ስላስቸገረኝ ነው። ሐይቁ ውሃ ነው። የሄድኩት ለሱ አልነበረም።

የሄድኩት ለወንድሜ ለአበራ እግር ነው። አበራ ታላቄ ነው፤ አናጺ ነው፤ በከተማችን ካሉት ጣሪያዎች ስንቱን እንደመታ ራሱም አያውቅም። እኔ ቆርቆሮና ምስማር እሸጣለሁ፣ እሱ ይመታል፤ እንዲህ ሆነን ሃያ ዓመት ኖርን። ስኳር አለበት፤ ስኳር ደግሞ እግር ያደነዝዛል። ከሦስት ወር በፊት የቆርቆሮ ምስማር ረግጦ፣ ሳይሰማው ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ፣ ማታ ጫማውን ሲያወልቅ ካልሲው በደም ርሷል። ምስማሩ ከኔ ሱቅ የወጣ ነው። ቁስሉ ዳነ ስንል ያመረቅዛል፣ አመረቀዘ ስንል ይደርቃል፣ ደረቀ ብለን መድኃኒቱን ስናቆም እንደገና ያብጣል። በመጨረሻ ሆስፒታል ከቁስሉ ናሙና ወስደው መረመሩና «ጀርሙ መድኃኒት የተላመደ ነው» አሉን። ከዚያ በኋላ የታዘዘውም ተወስዶ ሲብስበት ሐኪሙ ቀጠሮ ሰጠ፤ «ሰኞ ይምጣ፤ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ መቁረጣችን አይቀርም» አለ። ባንድ እግሩ ጣሪያ ላይ የሚወጣ አናጺ ደግሞ እኔ አላውቅም።

ልጄ ስልኳን ስትጎረጉር አንድ ነገር አገኘች። ሐዋሳ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚያስተምር ዶክተር፣ መድኃኒት የማይበግረውን ጀርም የሚገድል «ናኖ» የሚባል ነገር ሠርቷል ይላል። «ከምን ነው የሠራው?» አልኳት። «ከዚንክ፣ አባዬ።» ዚንክ! ቆርቆሮ ላይ የሚለበጠው! ሃያ ዓመት የሸጥኩት! ለዚንክማ ማን ይቀድመኛል ብዬ ጓዜን ሸከፍኩ።

ማክሰኞ

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከቤት ስወጣ የደብረ ብርሃን ንፋስ እንደ ልማዱ ጆሮ ይቆርጥ ነበር። አበራ በሁለት ዱላ እየተደገፈ እስከ በር ሸኘኝ።

«ጌቱ፣ እንዳያታልሉህ» አለኝ።

«እኔን ነው የሚያታልሉት?»

«አንተን አላልኩም። ዶክተሩን እንዳታታልለው ብዬ ነው።»

ሕመሙ ወሬውን አልቀነሰበትም።

ትልቅ ሰው ጋ ባዶ እጅ አይኬድምና ለዶክተሩ ሦስት ኪሎ ቅቤ ይዣለሁ። በኛ አገር ቅቤ በቢላዋ ነው የሚቆረጠው፤ በፌስታል ጠቅልላችሁ ሳምንት ብታስቀምጡት ድንጋይ እንደሆነ ይቆያል። ስለዚህ ቅቤውን፣ ዶክተሩ ፊት የምለብሰውን ነጭ ሸሚዝና የአበራን የምርመራ ውጤት ባንድ ቦርሳ ከተትኩ። ቅቤ የሚቀልጥ ነገር መሆኑን ደብረ ብርሃን ተወልዶ ያደገ ሰው በምን ያስታውሳል?

አዲስ አበባ ገብቼ ቃሊቲ መናኸሪያ ስደርስ «ሐዋሳ! አሁን ወጪ!» የሚለው አውቶቡስ ውስጥ ሰባት ሰው ብቻ ነበር። «አሁን» የተባለው ሁለት ሰዓት ፈጀ። ከሞጆ ወዲያ ሙቀቱ እየጨመረ መጣ፤ መቂ ላይ ቲማቲም ሻጮቹ በጥላ ሥር ተጋድመዋል። መስኮቱን ትንሽ ገፋ ባደርገው ከኋላ ጩኸት ተነሣ፤ «መስኮት ይዘጋ! ንፋሱ ሊገድለን ነው!» አገሩ እንደ ምድጃ እየነደደ ሰው ንፋስ ይፈራል። ለነገሩ እኔም በአገሬ መስኮት የሚከፍት ሰው ካገኘሁ የምጮህ ነኝና ዘጋሁት።

ባቱን እንዳለፍን ከኋላዬ የተቀመጠ ፀጉሩን ያጎፈረ ተማሪ አናቱን ዳሰሰና ጣቱን አሸተተ።

«ጋሼ፣ ይሄ ከላይ የሚንጠባጠበው ቅቤ የማነው?»

ቀና አልኩ። ቦርሳዬ እያለቀሰ ነው።

«ለፀጉርህ ጥሩ ነው» አልኩት፤ ሌላ ምን ይባላል?

«መቼ ሙሽራ ልሆን ነው አልኩዎት?» ሲል አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። ረዳቱ ቦርሳውን አውርዶ እግሬ ሥር አስቀመጠው፤ ከዚያ እስከ ሻሸመኔ ጫማዬ በቅቤ ታሸ።

ሐዋሳ የገባነው ከቀኑ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው። ለማትሄዱት ልንገራችሁ፤ ከተማው ሜዳ ነው። የኛ መንገድ ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል፤ የነሱ እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቶ መሐሉ ላይ ዘንባባ ቆሟል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ጀንበር ስትጠልቅ ሰው ወደ ውጪ መውጣቱ ነው። እኛ በዚያ ሰዓት በር ዘግተን ጋቢ ውስጥ ነን።

የተሳፈርኩበትን ባጃጅ የሚነዳው ማቴዎስ የሚባል አርባዎቹን ያለፈ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው።

«ፋዘር፣ ለሽርሽር ነው?»

«ለዚንክ ነው።»

«ቆርቆሮ ነጋዴ ነዎት?»

«ቆርቆሮስ አለኝ። የዩኒቨርሲቲውን ፈልጌ ነው፤ ለወንድሜ እግር» ብዬ ዘረገፍኩለት። ለገበያ የወጣ ሰው የሚፈልገውን ዕቃ ለመጀመሪያው ላገኘው ሰው አይናገርም፤ ይህን እኔ ለስንቱ አስተምሬያለሁ። ማቴዎስ ሲያወርደኝ የስልክ ቁጥሩን ሰጠኝ። «ካስቸገሩዎት ይደውሉልኝ» አለ። በጣም ያዘነልኝ መሰለኝ።

ያረፍኩት ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ወይዘሮ ታደለች በሚባሉ የሲዳማ ሴት ፔንሲዮን ነው። ግድግዳው ላይ «አልኮል መጠጣት በጌታ ስም ክልክል ነው» የሚል ተለጥፏል። ወይዘሮዋ ቦርሳዬን ከፍተው አዩና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«አይ ወንድሜ! ቅቤ በፌስታል ይያዛል እንዴ?»

ሸሚዙ የወጥ ጨርቅ መስሏል። የምርመራው ወረቀት ደግሞ ቅቤ ጠጥቶ፣ ወዲያ ማዶ የተቀመጠውን ሰው የሚያሳይ መስታወት ሆኗል። ወይዘሮ ታደለች ሸሚዙን በሳሙና ነከሩት፣ ቅቤውን በማሰሮ ገለበጡት፣ ወረቀቱን በሁለት ፎጣ መሐል አስገብተው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ጫኑበት። «ወንድምዎ ማን ይባላል?» አሉኝ። ነገርኳቸው። እዚያው ቆመው በሲዳምኛ ጸለዩ፤ ከሁሉ የተረዳሁት «አበራ» የሚለውን ብቻ ነው።

ረቡዕ

ጠዋት ወይዘሮ ታደለች ቁርስ አቀረቡ። ቆጮ በቅቤ የራሰ፤ ቡርሳሜ ይሉታል። ሽታው ሆድ ያባባል። ቅቤው የኔው ነው።

«ወይዘሮ ታደለች፣ ረቡዕ እኮ ነው» አልኳቸው።

«አዎ፣ ረቡዕ ነው» አሉኝ፤ ከዚያ በላይ እንዲገባቸው ብጠብቅ አልገባቸውም። እሳቸው ጴንጤ ናቸው፤ ረቡዕ ለሳቸው ከማክሰኞ ቀጥሎ ያለ ቀን ነው። የኦርቶዶክስ ጾም መሆኑን ስነግራቸው ደንግጠው አነሡትና ዳቦና ሻይ አመጡ። በገዛ ቅቤዬ የራሰውን ቆጮ ሌላ እንግዳ ሲበላው እያየሁ ዳቦዬን አኘክሁ።

ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ጥበቃው መታወቂያ ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። «ከማን ጋር ቀጠሮ አለዎት?» አለ። ቀጠሮ የለኝም። «ቀጠሮ ከሌለ አይገባም።» «ቀጠሮ ለመያዝ ነው የምገባው» አልኩት። «ለመያዝም ቀጠሮ ያስፈልጋል» አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ብቻ በሱቄ በር ባቆም ገበያተኛ የሚባል ነገር አላይም ነበር። አንድ ሰዓት ተኩል ፀሐይ ላይ ከቆምኩ በኋላ ስልክ ተደውሎ ተፈቀደልኝ።

ሽበታም፣ ክራቫት ያሰረ ሰው ነበር በሐሳቤ የሣልኩት። ያገኘሁት የፕላስቲክ ሰንደል ያደረገች፣ ከሠላሳ ብዙ የማታልፍ የጎንደር ልጅ ነው፤ ዶክተር ሂሩት ትባላለች። ላብራቶሪው ደጃፍ ላይ ቆማ ጣሪያው ላይ ያለውን አምፖል ታያለች።

«መብራት ሄዶ ነው?» አልኳት።

«ሦስተኛው ነው ዛሬ። ያበቀልኳቸው ባክቴሪያዎች ሊሞቱብኝ ነው» አለችኝ። አገር ምድሩን ያስቸገረ ጀርም እንዳይሞት የሚጨነቅ ሰው ያየሁት ያን ቀን ነው።

የመጣሁበትን ስነግራት ወደ ውስጥ አስገባችኝና ከመሳቢያ አንዲት ጣት የምታህል ብልቃጥ አወጣች። ሥሯ ላይ ነጭ ዱቄት አለ።

«ይኼው ነው?»

«ይኼው ነው።»

«እኔ ሃያ ዓመት ዚንክ ሸጫለሁ። ከቆርቆሮ የተፈወሰ ሰው ግን አላየሁም።»

ሳቀች። «የእርስዎ ትልቅ ነው» አለችኝ። «የጤፍ ፍሬ ያውቃሉ? ስፋቷን ሺህ ቦታ ይክፈሉት፤ አንዱ ባክቴሪያውን ያህላል። እሱን ደግሞ ሃያ ቦታ ይክፈሉት፤ ያ የኔ ዚንክ ነው።»

«በምን መቀስ?»

«መቀስ የለም። የዚንክ ጨው በሽፈራው ቅጠል ውሃ አድርጌ አፈላለሁ፤ ቅጠሉ እንደዚህ ደቃቅ አድርጎ ያወጣዋል። ከዚያ ደርቆ ይጠበሳል።»

ለምን እንደሚገድል ስጠይቃት እንዲህ አስረዳችኝ። ተራው መድኃኒት ባክቴሪያው ውስጥ አንድ የተወሰነ ቦታ አለው፤ እሱን ይዞ ያንቀዋል። ባክቴሪያው ሲለማመድ ያን ቦታ ይለውጠዋል፣ ወይም መድኃኒቱን መልሶ ወደ ውጪ ይተፋዋል። ደቃቁ ዚንክ ግን ባንድ ቦታ አይመጣም፤ ቆዳውን ይቀደዋል፣ ውስጡን ያቃጥለዋል፣ ከየአቅጣጫው ስለሚመጣበት የቱን ለውጦ የቱን እንደሚተው ይቸግረዋል። በአንድ ምስማር የተመታ ቆርቆሮ ይነቀላል፤ ዙሪያውን የተመታ ግን አይነቀልም። እንዲህ ብዬ ነው የተረዳሁት፤ ብነግራት «ይሄድልኛል» አለች።

«እንግዲህ ስንት?» አልኳት።

«ምኑ?»

«ብልቃጧ።»

«አይሸጥም።»

አይሸጥም የሚባል ዕቃ ዋጋ ያልተጠራለት ዕቃ ነው፤ ስለዚህ ጠራሁ። አምስት ሺህ። ራሷን ነቀነቀች። አሥር ሺህ። ብልቃጧን ወደ መሳቢያው መለሰች።

«አቶ ጌታሁን፣ ይሄ የተሞከረው ባክቴሪያ በምናበቅልበት ሳህን ላይ ነው። ሳህን ኩላሊት የለውም። ሳህን ጉበት የለውም። ወንድምዎ ግን አላቸው፤ በዚያ ላይ ስኳር አለባቸው። ቁስላቸው ላይ ብነሰንሰው ጀርሙን ይግደል፣ ሥጋቸውን ይግደል፣ እኔ ዛሬ አላውቅም።»

«እስከ መቼ ነው የማታውቂው?»

«አይጥ አለ፣ ከዚያ ጥንቸል፣ ከዚያ ፈቃድ፣ ከዚያ ሰው። ዓመታት ነው።»

«የኛ ቀጠሮ ሰኞ ነው!» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁት። ብልቃጦቹ ተንጫጩ። አልጮኸችብኝም፤ እሱ ባሰብኝ። «አባቴ ቢሆኑም አልሰጥም» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ የምርመራውን ወረቀት ጠየቀችኝ። ቀለም በሚመጥ ወረቀት መሐል አስቀመጠችውና «ፊደሉ እስኪወጣ ነገ ይመለሱ፤ አሁን ክፍል አለኝ» ብላ ሄደች። አራት መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር የመጣሁት ቅቤ የነካው ወረቀት ላሰጣ ነው ማለት ነው።

ለማቴዎስ ደወልኩ። አዎ፣ ደወልኩ።

አሞራ ገደል እንገናኝ አለኝ። አሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆች ያወጡትን የሚሸጡበት የሐይቁ ዳር ነው። አባ ኮዳ የሚባለው ራሰ በራ ትልቅ ወፍ እንደ ቢሮ ኃላፊ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ይንጎራደዳል። በየቦታው ዓሣ ይጠበሳል፣ ይቀቀላል፣ ጥሬውም ይበላል፤ እኔ በጾም ቀን ዓሣ ከማይበላበት ቤት ነኝና በባዶ ሆዴ ጭስ እጠጣለሁ። ማቴዎስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። «ከውስጥ ነው የወጣው። የጽዳት ሠራተኛዋ ዘመዴ ናት። ናኖ ነው፤ ማንም እንዳያይ» አለኝ።

ነጭ ነው፣ ደቃቅ ነው። አበራ በሁለት ዱላ ሲሄድ ታየኝ። ሦስት ሺህ አለ፣ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብዬ ከፈልኩ። ገንዘቡን እንደተቀበለ «ሰው ይጠብቀኛል» ብሎ ባጃጁን አስነሣ።

ከከፈልኩ በኋላ ነው አእምሮዬ የመጣው። ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ቁራሌው እያልኩ አሮጌ ብረታ ብረት እሰበስብ ነበር። ያኔ ያረጀ ቆርቆሮ ስናቃጥል ከዚንኩ የሚቀረው ነጭ አመድ ሲግል ቢጫ ይሆናል፣ ሲበርድ መልሶ ይነጣል፤ ይህን ለማወቅ ዶክተር መሆን አያስፈልግም። ዓሣ ከምትጠብስ ሴት ማንኪያ ለመንኩ።

«ለምንድነው?» አለችኝ።

«ዱቄት ልቆላ ነው።»

«ከዓሣዬ ራቅ አድርገህ ቁላ!»

ፍሙ ላይ ያዝኩት። ነጭ። ጠበቅሁ። ማንኪያው ቀላ፤ ዱቄቱ ነጭ። ከዚያ ሽታው መጣ፤ ታጥቦ የተቀባባ ሕፃን ይሸታል። ሴትዮዋም አሸተተችው። «ይሄማ የልጄ ፓውደር ነው!» ብላ እስክታለቅስ ሳቀች። ለማቴዎስ ብደውል ስልኩ ዝግ ነው። አባ ኮዳው አጠገቤ መጥቶ ጋዜጣውን አየና እሱም ንቆ ሄደ።

ማታ አበራ ደወለ። «እህ፣ ገዛኸው?» «ነገ» አልኩት። የፓውደሩን ነገር ብነግረው ኖሮ እስከ ሰኞ ይስቅ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ሳቁን መስማት አልቻልኩም።

ሐሙስ

ዶክተር ሂሩት ወረቀቱን መስኮት ላይ አስደግፋ በብርሃን ስታነብ ደረስኩ። በወረቀቱ ላይ የመድኃኒት ስም ተደርድሯል፤ በየስሙ አንጻር ጀርሙ ይበገራል ወይስ አይበገርም የሚል ምልክት አለ።

«እነዚህ ሁሉ አይነኩትም» አለችኝ በጣቷ ወደ ታች እየወረደች። «ይሄ አይነካውም። ይሄም። ይሄም።» ከታች ስትደርስ ቆመች። «ይሄኛው ግን ይገድለዋል። አልታዘዘላቸውም?»

አየሁት። ሐኪሙ በብዕር ያከበበበት እሱን ነው። አስታወስኩ።

«ታዟል» አልኩ። «ፋርማሲ ስንሄድ እሱ የለም ተባለ።»

«እና?»

«በምትኩ ሌላ ሰጡን። ያው ነው ብለው።»

«የትኛውን?»

ስሙን አላውቀውም፤ ባዶውን ፓኬት ግን ለሌላ ጊዜ እንዲያገለግል ኪሴ ይዤው ነበር። ሰጠኋት። ፓኬቱን ከወረቀቱ ጋር አስተያየችው፤ ከላይ ሁለተኛ ከተጻፈው ስም ላይ ጣቷን አሳረፈች። አይነካውም ከተባሉት አንዱ ነው።

«ያው አይደለም» አለች።

ያው ነው። ይህ የኔ ቃል ነው። ገበሬ መጥቶ ሃያ ስምንት ጌጅ ቆርቆሮ ሲጠይቀኝና ሲያልቅብኝ፣ ስሱን ሠላሳ ጌጅ አወጣና «ያው ነው» እለዋለሁ። ደንበኛ ባዶ እጁን አይሸኝም፤ ንግድ ማለት ይሄ ነው። ፋርማሲው «ያው ነው» ሲለኝ እንዴት አድርጎ እንደሚሸጥ ወድጄለት ነበር።

«ወስደው ጨረሱት?» አለች።

«ሲደርቅ አቆምነው። የተረፈውን እንክብል ደግሞ እየከፈትኩ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ነሰነስኩለት። ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው።»

«አውቃለሁ» አለች። «እናቴም እንደዚያ ነው የምታደርገው። እኛ ሁላችን እየነሰነስን ነው ይሄ ጀርም እዚህ የደረሰው።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ሐኪማቸው መድኃኒቱ እንዳልተገኘ ያውቃል?»

ሐኪሙ «ያዘዝኩትን ገዛችሁ?» ሲለኝ «ገዝተናል» ነበር ያልኩት። ገዝተናል እኮ፤ ያውን። ስለዚህ ሐኪሙ የሚገድለው መድኃኒት ተሰጥቶም ጀርሙ እንቢ ያለ መስሎት ነው መጋዝ ያነሣው።

ዶክተር ሂሩት «እኔ የሰው ሐኪም አይደለሁም፤ እሱ ይወስን» ብላ ስልኬን አስደወለችኝ። ሐኪሙ ሁሉንም ሰማ። ከዚያ ያወጣውን ድምፅ ከአበዳሪም ሰምቼ አላውቅም።

«አቶ ጌታሁን፣ ሲዋሹኝ ነበር?»

«አልዋሸሁም፤ ያው መስሎኝ ነው።»

«መድኃኒቱን ካገኙ ቅዳሜ ይዘውልኝ ይምጡ። ሰኞን አዘገየዋለሁ። የሞተውን ሥጋ አላድንም፤ ቃል አልገባም» ብሎ ዘጋው።

ልወጣ ስነሣ ዶክተር ሂሩት አስቆመችኝ። ሆስፒታሉ ያበቀለውን ጀርም ካልጣለው፣ ወንድሜም ከፈቀደ፣ በደብዳቤ ጠይቃ ለጥናቷ ልትወስደው ትፈልጋለች። በመጣሁ በሦስተኛው ቀን ጭራሽ እኔ አቅራቢ ሆንኩ። ለአበራ ደወልኩና ነገርኩት።

«ጀርሜን?» አለ። «በነፍስ ወከፍ ቆጥረው ይውሰዱት በላት። አንድም አልፈልግም።»

ከዚያ ፋርማሲ ለፋርማሲ መዞር ተጀመረ። ባህል አዳራሽ አካባቢ ብቻ አምስት ገባሁ። «የለም፤ ግን ያው የሆነ አለን» ይሉኛል። አራተኛው ላይ ጮኽኩበት። ሐኪሙ በቴሌግራም የላከውን ማዘዣ ሳሳይ ደግሞ «ይሄ ወረቀት አይደለም» ይሉኛል። የኔ ዓይነቱ ሻጭ ሲበዛ ገዢው ምን እንደሚሆን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ቅባቱ ያለቀቀውን ነጭ ሸሚዝ ሲተኩሱ ያገኘኋቸው ወይዘሮ ታደለች ሰምተው ካውያውን ነቀሉ። ነጠላቸውን አጣፍተው «ይምጡ» አሉኝ። ወንድም ዳንኤል የሚሉት የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ፋርማሲ አለው። መድኃኒቱም አለው። ግን አልሰጥ አለ፤ ሐኪሙን ራሱ ደውሎ አናገረው፣ ማዘዣው በወረቀት እንዲላክለት አስማለው፣ መጠኑን ጻፈ፣ ከዚያ ነው የቆጠረው።

«ለመጠባበቂያ ትንሽ ይጨምሩበት» አልኩ።

«መጠባበቂያ የለም» አለ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ። «የታዘዘውን ያህል፣ እስከ መጨረሻው። ቢደርቅስ?»

«እስከ መጨረሻው።»

«ጎረቤት ቢለምንስ?»

«አልሰጥም።»

«እንክብሉን ይከፍቱታል?»

«አልከፍትም» አልኩ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እንዲህ ጥያቄ ከመለስኩ ከአራተኛ ክፍል ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ወይዘሮ ታደለች ከጎኔ ሆነው «አሜን» ይላሉ። መልሰው ቤት ወስደው የተጠበሰ ዓሣ አቀረቡልኝ፤ አጥንቱን እንዳልውጥ እንደ ልጅ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ዓሣው እውነት ለመናገር ጥሩ ነው።

ዓርብ

ሒሳብ ስጠይቅ ወይዘሮ ታደለች የአንዱን ሌሊት አልቀበልም አሉ፤ «ቅቤዎን በልተናል» ብለው። አንጥረው የቀረውን በቅል ሞልተው ሰጡኝ። የዶክተር ሂሩትን ድርሻ ልስጥ ብዬ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ብቆም ጥበቃው «ቀጠሮ አለዎት?» አለኝ። ቅሉን እሱ ጋ ትቼ «ለዶክተር ሂሩት» አልኩት። ፈርሞ ተቀበለኝ፤ ይድረሳት አይድረሳት እግዜር ይወቅ።

በመመለሻው አውቶቡስ መድኃኒቱን ደረቴ ኪስ ይዤ መስኮቱን ከፈትኩ። «ንፋሱ!» ብለው ጮኹ። አልዘጋሁም። ባቱ ድረስ ተሰዳደብን። ደብረ ብርሃን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ብርዱ ፊቴን ሲመታኝ ደስ አለኝ።

ቅዳሜ ሐኪሙ መድኃኒቱን አየና ሰኞን ሰረዘ። አበራ እስከ መጨረሻዋ እንክብል ድረስ ወሰደው፤ እኔ እየቆጠርኩ፣ እሱ እየሰደበኝ። ቁስሉ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ደረቀ፤ አላቆምንም። አስቀድመው የሞቱት ጣቶች ግን ተቆረጡ። ጀርሙም በማቀዝቀዣ ተጭኖ ሐዋሳ ወርዷል። ዶክተር ሂሩት በቅርቡ ጻፈችልኝ፤ በዚንኳ ሳህን ላይ ሞቷል። «ለሰውስ?» ብዬ መለስኩላት። «ገና ነው» አለች።

የአበራ እግሮች፦ የሄደ ሁለት ጣት፣ የቀረ ስምንት።